ከምንም ይሻላል የሚባለው ቁጥር

ከመቀሌ ወደ ኩሓ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የክሬሸር ግቢ ውስጥ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ ሠራተኛ ቀበቶ ላይ ትንሽ ፓምፕ አሰርኩ። ከፓምፑ የወጣው ቱቦ በጀርባው ዞሮ በትከሻው ይወርዳል። ጫፉ ላይ ያለችው የአቧራ መያዣ ኮሌታው ላይ ተሰክታ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ያህል ትርቃለች። ክሬሸሩ ገና አልተነሳም፤ ሰዉ ሻይ እየጠጣ ነው። በፓምፑ ጎን ባለችው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ትንሿ ኳስ ተንሳፍፋ 2 ቁጥር ላይ ቆማለች፤ በደቂቃ 2 ሊትር አየር ይስባል ማለት ነው። ሰርተፊኬቱ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ሁሉም ነገር ደንቡን የጠበቀ ይመስላል።

ስምንት ሰዓት ሙሉ ያ ሰው መሣሪያችንን ተሸክሞ ድንጋይ ሲያስፈጭ ዋለ። ፊልተሩን ይዘን ተመለስን። በማግስቱ ፓምፑን ከአንድ ቢሬት ጋር አገናኘሁት። ቢሬት ልኩ በመስመር የተመለከተበት የመስታወት ቱቦ ነው። አፉን የሳሙና ውሃ ሲያስነኩት ስስ የአረፋ መጋረጃ ይይዛል፤ ፓምፑ ሲስብ ያ መጋረጃ ቱቦውን ይዞ ይወጣል። ከታችኛው መስመር ተነስቶ የአንድ ሊትሩ መስመር ላይ እስኪደርስ የፈጀበትን ጊዜ መቁጠር ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። በደቂቃ 2 ሊትር ከሆነ አንዱን ሊትር በ30 ሰከንድ መጨረስ አለበት። ኳሷ አሁንም 2 ላይ ናት። አረፋው በ26 ሰከንድ ደረሰ። ደገምኩት፤ 26። ለሦስተኛ ጊዜም 26።

መሣሪያው አልተበላሸም ነበር። የተሠራውና የተስተካከለው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 2,250 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 780 ሄክቶፓስካል ይወርዳል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 1,013 ነው። የመቀሌ እናቶች ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ባቄላው እሳት ላይ ይቆያል። አየሩ ሩብ ያህል ስስ ነው። ስስ አየር ያችን ኳስ በዚያው መስመር ላይ ተሸክሞ ለማቆም በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ስለዚህ ኳሷ 2 ስትል ፓምፑ የሚስበው 2.28 ሊትር ነው። የ14 በመቶ ስህተት ከነሰርተፊኬቱ ማለት ነው።

ይህን ውጤት ለሚመለከታቸው ሰዎች በነገርኩ ቁጥር የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ “እሺ፣ ግን ከምንም ይሻላል።” በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፣ በፕሮጀክት ሰነድ ላይ በጨዋ ቋንቋ ተጽፎ አንብቤዋለሁ፣ ከራሴ የሙያ ባልደረቦችም ሰምቼዋለሁ። ሐሳቡ ሲብራራ እንዲህ ነው። አገራችን የአየር መለኪያ የላትም። ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያ ይብዛ፤ ርካሽም ቢሆን በየትምህርት ቤቱ፣ በየፋብሪካው፣ በየመንገዱ ይሰቀል። ቁጥሩ ትንሽ ቢስት ምን አለበት? ካሊብሬሽን፣ ማለትም መሣሪያን ማስተካከል፣ ሀብታም አገሮች ላብራቶሪ ሞልቷቸው የሚጨነቁበት ጉዳይ ነው፤ እኛም ስንደርስ እንደርስበታለን።

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ብዙዎቹ ከልባቸው ለሠራተኛውና ለሕፃናቱ ጤና የሚጨነቁ፣ ባዶ ካርታ ማየት የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው። እኔም ባዶውን ካርታ አልወደውም። ግን ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም ሊቆሙላቸው የሚሞክሩትን ሰዎች ነው የሚጎዳው። ያልተስተካከለ መሣሪያ የሰጠው ቁጥር ከምንም አይሻልም። ምንም በሌለበት ቢያንስ ጥያቄው ክፍት ነው። ሐሰተኛ ቁጥር ሲገባ ጥያቄው ይዘጋል፤ ፋይል ይከፈትለታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ “ተለክቷል” ይባላል። ከዚያ በኋላ እንደገና ለመለካት ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ካላወቅን ክርክሩ የወሬ ክርክር ስለሚሆን እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አቧራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 7708 ደረጃ ብናኝን ወደ ሰውነት በሚገባበት ጥልቀት ይከፍለዋል። በአፍንጫና በአፍ የሚገባው ሁሉ አንድ ክፍል ነው፤ እስከ 100 ማይክሮን የሚደርስ፣ የፀጉራችንን ውፍረት የሚያህል ብናኝ ሁሉ እዚህ ይቆጠራል። ከጉሮሮ አልፎ ወደ ደረት የሚወርደው ሁለተኛው ነው፤ ወሰኑ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው። አየር ወደ ደም ወደሚያልፍበት ወደ ሳንባው ጫፍ የሚደርሰው ሦስተኛው ሲሆን ወሰኑ 4 ማይክሮን ገደማ ነው። በክሬሸር ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲጨፍር የምናየው ደመና በአብዛኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በዓመታት ሳንባን የሚያደነድነው የሲሊካ ብናኝ ግን ዓይን አያየውም። “አቧራውማ ይታያል፣ ቁጥር ምን ያደርጋል?” የሚሉ ሰዎች ያላስተዋሉት ይህንን ነው። ግቢው ውሃ ተረጭቶበት ደመናው ሲጠፋ ደቃቁ ብናኝ አብሮ መጥፋቱን ዓይን ሊነግረን አይችልም።

መሣሪያው ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ለይቶ የሚይዘው በአየሩ ፍጥነት ነው። ወደ ሳንባው ጫፍ የሚደርሰውን ብናኝ የሚለየው መሣሪያ አየሩን በትንሽ ሾጣጣ ዕቃ ውስጥ ያሽከረክረዋል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ይወረወራል፣ ቀላሉ ወደ ፊልተሩ ያልፋል። አየሩ ከተፈቀደለት በላይ ከፈጠነ መካከለኛውም ብናኝ ግድግዳው ላይ ይቀርና ፊልተሩ የሚያገኘው በጣም ደቃቁን ብቻ ይሆናል። ከዘገየ ደግሞ መግባት የሌለበት ሻካራ ብናኝ ይገባል። ስለዚህ ፍሰቱ ሲሳሳት ሁለት ነገር አብሮ ይሳሳታል፤ ስንት አየር እንደሳብን፣ እንዲሁም የትኛውን ብናኝ እንደያዝን። የመጀመሪያውን በኋላ በስሌት ማረም ይቻላል። ሁለተኛውን ማንም አያርመውም፤ ያልተያዘ ብናኝ ወደ ፊልተሩ ተመልሶ አይመጣም። “በኋላ በኮምፒውተር እናስተካክለዋለን” ለሚሉ ወዳጆቼ መልሴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። አንድ የማከብረው ሰው እንዲህ ብሎኛል፤ “የኢትዮጵያ ፋብሪካዎች አቧራ ከገደቡ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከሆነ 14 በመቶ ምን ይለውጣል?” ጥያቄው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዘየደ ዘለቀና የኖርዌይ ባልደረቦቹ ያሳተሙት የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥናት በድንጋይ መፍጫው ክፍል አማካይ መጠኑ በሜትር ኩብ 38.6 ሚሊግራም፣ በማሸጊያው ክፍል 18.5፣ በጥበቃዎቹ ዘንድ ደግሞ 0.4 መሆኑን አሳይቷል። የአሜሪካ ሕግ እንኳ ለሲሚንቶ ጠቅላላ አቧራ የሚፈቅደው 15 ሚሊግራም ነው። 38.6ን 14 በመቶ ብትቀንሱት 33 ይሆናል። አደጋው አደጋ ነው፤ እሺ፣ እቀበላለሁ።

ግን ጉዳዩ እዚያ አያበቃም። እንዲህ ያለ ውጤት ከወጣ በኋላ ምን ይደረጋል? ባለቤቱ የአቧራ መሳቢያ ያስገባል፣ ማጓጓዣውን ይሸፍናል፣ ውሃ ይረጫል፤ ገንዘብ ያወጣል። ከዚያ እንደገና ይለካል። ያኔ ጥያቄው “አቧራው 20 በመቶ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም?” ነው። የእኔ መሣሪያ ስህተት 14 በመቶ ከሆነ፣ በሁለተኛው ዙር የመጣው ሌላ መሣሪያ ደግሞ ሌላ ስህተት ካለበት፣ ማሻሻያው ሠራ አልሠራ የሚለውን ለመለየት አልችልም። ፋብሪካው ያለ ፋይዳ ገንዘቡን አፍስሶ “ቀንሷል” ሊባል ይችላል፤ በትክክል አሻሽሎም “አልሠራም” ሊባል ይችላል። ሁለቱም ግፍ ነው። በተጨማሪም ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ያው ባለ ኳስ ፓምፕ ሳይስተካከል እዚያ ቢሄድ ስህተቱ 7 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ መቀሌ ላይ 14። ሁለቱን ከተሞች ያወዳደረ ሰው አቧራ ያወዳደረ ይመስለዋል፤ ከልዩነቱ ከፊሉ የተራራው ከፍታ ነው።

“ስህተቱ ወደ ሠራተኛው ጥቅም ካደላ ምን ችግር አለው?” ያለኝም አለ። እውነት ነው፣ በእኔ ፓምፕ ላይ የታየው ስህተት አቧራውን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ነው፤ ብዙ አየር ስቦ ትንሽ እንደሳበ ስለሚናገር። ይህ ለሠራተኛው ስጦታ ይመስላል። በክርክር ፊት ግን ወጥመድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ይህን ይዞ ሲከራከር፣ ገደቡን በ10 በመቶ የበለጠ ቁጥር ሲያቀርብ፣ የአሠሪው ጠበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ “መሣሪያው በምን ግፊት ላይ ነው የተስተካከለው?” ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ብቻ አይደለም የሚወድቀው። ሰውየው ሃያ ዓመት የሳለው ሳልም አብሮ ይወድቃል።

ደግሞም ስህተቱ ሁልጊዜ ወደዚያ አያደላም። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ፊልተሩ በአቧራ ይሞላል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ያኔ መሣሪያው አቧራውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በሌላ በኩል ፍሰትን በአየሩ ክብደት የሚለካ ዘመናዊ መሣሪያ “መደበኛ ሊትር” ይሰጣል፤ ይህም በ25 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት የተሰላ ሊትር ነው። እንዲህ ባለ መሣሪያ 2 ብለን ያስተካከልነው ፓምፕ መቀሌ ላይ 2.5 ሊትር ያህል ይስባል። ሳንባ ደግሞ መደበኛ ሊትር አያውቅም። ሳንባ የሚስበው ያለበትን ቦታ አየር ነው፣ በሊትር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ ፒኤም 10ን፣ ማለትም እስከ 10 ማይክሮን ያለውን ብናኝ፣ በመደበኛ ሁኔታ አስልቶ ሲዘግብ እስከ 2.5 ማይክሮን ያለውን ፒኤም 2.5ን ግን በቦታው ሁኔታ ይዘግባል። ይህን ያላወቀ ሰው የመቀሌን አንድ አየር በአንዱ መንገድ 100፣ በሌላው 127 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ማንም አላጭበረበረም፤ ግን ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ከተማዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሩብ ያህል የቆሸሸች ትመስላለች።

ከፓምፑ ይልቅ ዛሬ ገበያውን የያዘው ሌላ መሣሪያ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ባለ ሌዘር ሴንሰር። አሁን በየቦታው ይሰቀል የሚባለው እሱ ነው፤ ርካሽነቱም እውነት ነው። ግን ይህ መሣሪያ ብናኝን አይመዝንም። ብርሃን ያበራበታል፣ የተበተነውን ብርሃን ያያል፣ ከዚያ ክብደቱን ይገምታል። ግምቱ የሚቆመው መሣሪያው በተማረበት አቧራ ላይ ነው። በሥራ ቦታ ልኬት የታወቀው ዳስትትራክ ከፋብሪካ የሚወጣው በአሪዞና በረሃ የሙከራ አቧራ ተስተካክሎ ነው። የመቀሌ አየር ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ብናኝ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የእንጨትና የኩበት ጭስ፣ በበጋ ከጥርጊያ መንገድ የሚነሳ ሻካራ አቧራ ነው። የአሪዞና አቧራ እነዚህን አይወክልም። በጣም ርካሾቹ ሴንሰሮች ደግሞ ሻካራውን ብናኝ በደንብ አያዩትም። ነፋስ በሚበዛባት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ካልሆነ በቀር ዝናብ እምብዛም በማይጎበኛት ከተማ ሻካራ አቧራን የማያይ መሣሪያ “ንጹሕ” ብሎ አረንጓዴ ቀለም ያበራል። ልጁን ወደ ሜዳ ልኮ ኳስ ተጫወት የሚል ወላጅ ያንን አረንጓዴ አይቶ ነው።

እዚህ ላይ ለተቃራኒዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ። ርካሽ ሴንሰር ጥቅም አለው። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ጠዋት ከማታ፣ ሰኞ ከእሑድ ሲያወዳድር አዝማሚያውን ያሳያል። የጭሱ ሰዓት መቼ እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል። ጓዳ ውስጥ የእንጀራ ምድጃው ሞጎጎ ሲነድ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ለአንዲት እናት ማሳየት ለብቻው ትምህርት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ቁጥሩን ሳይሆን መስመሩን እስካሳየ ድረስ ከእኔ ጋር ጠብ የለውም። ጠቤ የሚጀምረው ያው ቁጥር ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ ጎን ሲቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መመሪያ ለፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ 5 ማይክሮግራም፣ ለፒኤም 10 የ24 ሰዓት አማካይ 45 ማይክሮግራም ነው። እነዚህ ገደቦች የተገኙት ከዓመታት የጤና ጥናት ነው፤ ጥናቶቹም በአብዛኛው ያረፉት በተመዘነ ፊልተርና በየጊዜው ፍሰቱ በሚፈተሽ መሣሪያ ላይ ነው። ከዚያ ገደብ ጋር ለመነጻጸር የሚፈልግ ቁጥር በዚያው ሚዛን መመዘን አለበት።

“ለዚህ አቅም የለንም” የሚለው ሙግት በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ውሸት ነው። ቢሬት የመስታወት ቱቦ ነው። ሳሙናው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ሰዓቱ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ አለ። ይህ ዘዴ የሚለካው ያለበትን ቦታ አየር ስለሆነ ከፍታ አያሳስተውም፤ ከባሕር ወለል የመጣ ሰርተፊኬት አይጠይቅም። ይጎድለናል የሚባለው አቅም በዋናነት ገንዘብ አይደለም። ጠዋት ፓምፑን ከማሰር በፊት አሥር ደቂቃ፣ ከፈቱት በኋላ አሥር ደቂቃ፣ ሁለቱ ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ የቀኑን ሥራ የመጣል ድፍረት ነው የሚያስፈልገው። ሴንሰሮቹን በተመለከተም አንድ ጥሩ የፊልተር መሣሪያ መቀሌ ውስጥ አቁሞ ሁሉንም በየተራ ከጎኑ ለሳምንታት ማሰንበት ይቻላል፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት። የካምፓላው ማከረሬ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ርካሽ ሴንሰሮች ከማጣቀሻ መሣሪያ ጎን እያቆመ ሲያስተካክል ቆይቷል፤ ኡጋንዳ ከእኛ የከበረች አገር ሆና አይደለም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች አሉን። በአዲስ አበባ ደግሞ የሚዛንና የቴርሞሜትር ማመሳከሪያ የያዘ የሥነ ልክ ተቋም አገሪቱ አላት። ከአሥረኛው ሴንሰር በፊት የመጀመሪያው ማመሳከሪያ ይገዛ ነው የምለው።

“ትክክለኛነት የፈረንጅ ቅንጦት ነው” ለሚለው ስሜት ደግሞ ከራሳችን ከተማ የተሻለ መልስ የለም። ከአርሖ የጨው ሜዳ በግመል ተጭኖ መቀሌ የሚገባው የአሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ነበር። ጫፉ የተሸረፈውን አሞሌ ገበያው በሙሉ ዋጋ አይቀበለውም ነበር፤ በመንገድ እንዳይፈረፈርም በልጥ ይታሰር ነበር። አያቶቻችን ስለ ጨው ይህን ያህል ከተጠነቀቁ ስለ ሳንባ “ከምንም ይሻላል” የሚለውን ከየት አመጣነው?

አሸጎዳን እስቲ እናስበው። ከመቀሌ ወደ ደቡብ ሲወጡ የሚታዩት 84 የነፋስ ተርባይኖች እ.ኤ.አ. በ2013 ሲመረቁ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበራቸው፤ ግንባታው ወደ 210 ሚሊዮን ዩሮ ፈጅቷል። እንዲህ ያለ ሥራ ነፋሱ አስቀድሞ ሳይለካ አይታሰብም። ምክንያቱም የነፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ነው የሚያድገው፤ ነፋስ መለኪያው 5 በመቶ ቢስት ጉልበቱ ላይ 16 በመቶ ይሳሳታል፤ የአየሩ ስስነትም ለብቻው ይሰላል። አንድም አበዳሪ “መለኪያው ያልተስተካከለ ቢሆንም ከምንም ይሻላል” ብሎ ገንዘቡን አይሰጥም። ያው ነፋስ ከተርባይኑ አልፎ የክሬሸሩን አቧራ ይዞ ወደ መንደር ሲወርድ ግን መለኪያው ቢስትም ግድ የለም ይባላል። አንድ ነፋስ ነው። ገንዘብ ሲሆን እንጠነቀቃለን፣ ትንፋሽ ሲሆን እንገምታለን።

“አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ሳልነካ ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። ትግራይ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ሰው የሚበላው ያጣበትን ጦርነት ያየች ምድር ናት። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመበት ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በኋላም ቁስሉ ገና አልሻረም። በዚህ መካከል ስለ ሳሙና አረፋና ስለ ሰከንድ ማውራት ለአንዳንዱ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። እኔ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው። የፈረሰ ሲታነጽ ጠጠር ይፈለጋል፣ አሸዋ ይፈለጋል፣ ሲሚንቶ ይፈለጋል። ጠጠሩን የሚፈጨው፣ ድንጋዩን የሚጠርበው፣ ከረጢቱን የሚሸከመው ሥራ የናፈቀው ወጣት ነው። የሲሊካ በሽታ ደግሞ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣም መድኃኒት የለውም። ዛሬ ያልተለካ ሳንባ በ2040ዎቹ ዓ.ም. ማንም ተመልሶ ሊለካው አይችልም። መልሶ ግንባታው የሚጀምርበት ጊዜ መለኪያው የሚስተካከልበትም ጊዜ ነው።

የውጭ ሰው ይለካልናል የሚለውም ተስፋ አስተማማኝ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ ያቆማቸው መሣሪያዎች ለዓመታት የፒኤም 2.5 መረጃ በየሰዓቱ ሲያሰራጩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በመላው ዓለም ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚመጣውን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመ። በአንድ ውሳኔ ተዘጋ። ሳተላይትም አያድነንም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የኃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ዓለም አመዱን ከሰማይ ተከታተለ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያም ሕንድ ድረስ መሄዱ ታየ። ሳተላይት የሚያየው ከምድር እስከ ሰማይ ያለውን የአየር ዓምድ ነው። አፍዴራ አካባቢ ያለ አርብቶ አደር የሚተነፍሰው ግን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ያለውን አየር ነው። እሱን የሚያውቀው እዚያው የቆመ፣ በዚያው ግፊት የተስተካከለ መሣሪያ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ አየር ጥራት ደረጃ ይናገራል፤ ደረጃውን የሚያስፈጽም ማንኛውም መሥሪያ ቤት ከእንግዲህ የአቧራ ሪፖርት ሲቀበል ሦስት መስመር ይጠይቅ፦ ከሥራ በፊት የተለካው ፍሰት፣ ከሥራ በኋላ የተለካው ፍሰት፣ የተለካበት ቦታ ግፊትና ሙቀት። መስመሮቹ ባዶ ከሆኑ ሪፖርቱ ይመለስ። ለጋሽ ድርጅቶችም ሃምሳ ሴንሰር ሰጠን ብለው ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት ማን፣ የት፣ ከምን ጋር እንደሚያስተካክላቸው በሰነዱ ላይ ይጻፉ። ይህ ካልተሟላ እጅ መንሳትና መመለስ ይሻላል። ይህን ስል ብዙዎች እንደሚቆጡ አውቃለሁ።

ያን የመጀመሪያ ቀን ፊልተር አልመዘንኩትም። ፓምፑ ከሥራ በኋላ ስንት ሲስብ እንደነበር እዚያው ግቢ አልለካሁም ነበርና ስምንት ሰዓቱ በሙሉ ተቃጠለ። ወደ ክሬሸሩ ተመልሼ ለሠራተኛው ነገርኩት። ጋቢውን አስተካክሎ ዝም ብሎ ሰማኝ።

“ታዲያ ስንት ሆነ፣ ኢንጂነር?” አለኝ።

“አላወቅነውም። እንደገና እንለካዋለን።”

“እንደገና ልታስረኝ ነው?”

“ከፈቀድክ።”

ቀበቶውን ራሱ ፈታልኝ። ይዤው የሄድኩትን ቢሬት በአንድ የፕላስቲክ በርሜል ላይ አቆምኩት፣ ከሻይ ቤቷ በተለመነ ብርጭቆ ሳሙናውን በጠበጥኩ። እሱ ሰዓቱን እንዲይዝ ስልኬን ሰጠሁት። የፓምፑን ብሎን በትንሹ መለስ አደረግኩ፤ ኳሷ ከ2 ዝቅ ብላ 1.75 አካባቢ ቆመች። አረፋው ከታች ተነሳ። የላይኛውን መስመር ሲነካ አውራ ጣቱን ጫነና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው፤ 30 ይላል። “አንዴ እንድገመው” አለኝ።